ማጉላት፣ ማባዛት፣ ማጋነን

ፈረንጅ «አምፕሊፊኬሽን» ብሎ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን ነገር አማርኛችን ለሦስት ከፍሎታል። ያለውን ትንሽ ነገር ዓይንና ጆሮ እንዲደርስበት ማድረግ ማጉላት ነው፤ አጉሊ መነጽርና ድምፅ ማጉያ ከዚህ ወጡ። ያለውን ደጋግሞ መቅዳት ማባዛት ነው፤ በእኛ ዘመን ወረቀት በስቴንስል «ይባዛ» ነበር። የሌለውን መጨመር ደግሞ ማጋነን ነው፤ የ«ገናና» የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን «ግነት» እያልን እንደ ጌጥ ስናስተምረው ኖረናል። ጌጥነቱ ግን ግጥም ውስጥ ሲቀር ነው። ከወረቀት ወጥቶ ሰፈር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ዘነበወርቅ ይሂድ።

ዛሬ የታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዘነበወርቅ!» ሲል ማንም አይደነግጥም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1926 ዓ.ም በወጣትነቷ ያረፈችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ የልዕልት ዘነበወርቅ ስም ለሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ተሰጠ፤ ሰፈሩም ከሆስፒታሉ ወረሰው። ከዚያ ወዲያ የንጉሥ ልጅ ስም የበሽታ ስም ሆኖ አረፈው።

በሽታው በባሕርዩ ለግነት የሚመች አልነበረም። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በአጉሊ መነጽር ያገኘው ባክቴሪያ እጅግ ሰነፍ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ምልክቱ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አብቅሉት ቢባልም እሺ ብሎ አልበቀለም። በአለርት ግቢ ውስጥ በሃንሰን ስም እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም፣ አህሪ፣ እንደ ፒሲአር ያለ ዘዴ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ፒሲአር ባክቴሪያውን ትቶ የዲኤንኤውን ቁራጭ ያባዛል፦ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት፤ ሠላሳ ዙር ሲሄድ ከአንዱ አንድ ቢሊዮን ገደማ፣ ያውም በጥቂት ሰዓት። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ቃሉን ሁላችንም ለመድነው፤ ከመረመሩት ላቦራቶሪዎች አንዱም ይኸው የዘነበወርቁ ነበር። ልብ በሉ፤ ሥራው በንጽሕና ከተያዘ ማሽኑ ናሙናው ውስጥ የሌለውን አያባዛም።

የእኛ አፍ ግን ከባዶ ያባዛል። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እንላለን። ብዙውን ጊዜ አጥፊን ፊት ለፊት ለመንገር ነው የምንጠቅሰው፤ በሽታው ትዝም አይለን። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አብሮ መብላት ያስይዛል የሚለው ፍርሃት ማንም ሳይመረምረው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ላሊበሎችንም አስቧቸው። ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ለደጃፍ እያዜሙ የሚለምኑት፣ ዜማውን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይወጣባቸዋል እየተባለ ነው። ያለ ማይክሮፎን ሰፈር የሚቀሰቅስ ድምፅ፣ ከኋላው ፍርሃት!

ተረቱስ ተረት ነው እንበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጋብቻ በስሕተት ተፈጽሟል ለማለት ከሚያበቁት ምክንያቶች መካከል የተጋቢውን ሥጋ ደዌ በስሙ ጠርቶ አስገብቶት ነበር። ስሙ የወጣው በ1992 ዓ.ም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በምትኩ የማይድን ወይም ወደ ዘር የሚተላለፍ በሽታ ተባለ። እንግዲህ አስሉት፤ ጥምር መድኃኒቱን የዓለም ጤና ድርጅት መምከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሊድን ከቻለ በኋላ እንኳ ሃያ ዓመት ያህል ሕግ ውስጥ ተጽፎ ኖረ ማለት ነው።

ዛሬ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ነው የሚወሰደው። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። ታዲያ ቆዳው ላይ ሲነኩት የማይሰማው ነጠብጣብ ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ እጅጌውን ዝቅ የሚያደርገው ምን ፈርቶ ነው? ስሙን ነዋ! ነርቩ ደግሞ አይጠብቀውም። በዘገየ ቁጥር ጣቱ፣ ዓይኑ ይጎዳል፤ ከዚያ ያንን እጅ አይተን «አላልናችሁም?» እንባባላለን።