በረዶ የሸፈነው መስመር

«ኳሱን በእጃቸው ታቅፈው ይሮጣሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል፣ ከዚያ ተነሥተው ይመካከራሉ፣ ደግሞ ይከመራሉ። ስሙን ግን እግር ኳስ ይሉታል። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ አስረዳኝ!»

ይህን በስልክ የጠየቁኝ በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡኝ ጋሼ የምላቸው የአክስቴ ልጅ ናቸው። ኑሯቸው በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ክፍለ ሀገር፣ ሻርሎት በምትባለው ከተማ ነው። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባቸው ጎትቷቸው ጆንሰን ሲ. ስሚዝ የተባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ለማየት ሄደው ኖሮ፣ ከጨዋታው አንዳች ሳይገባቸው፣ ከጎናቸው ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የሰሟት ነገር ግን ልባቸው ውስጥ ቀርታለች። ሽማግሌው «በዚህች አገር ሁለት የጥቁር ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋጠሙ ያሸነፍነው እኛ ነን፤ በበረዶ ውስጥ» ብለዋቸዋል። ጋሼም «ፈልግና ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ፈለግሁ። ስፈልግ ያገኘሁት ግን የአሸናፊውን ሳይሆን ይበልጡን የተሸናፊውን ታሪክ ነው።

ቀኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሴምበር 27 ቀን 1892 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 19 ቀን 1885 ዓ.ም. ይሆናል፤ የገብርኤል ዕለት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ገና ከተቆረቆረች 6 ዓመት ቢሆናት ነው፤ አገራችን ከብቱንም ሰዉንም ከፈጀው ክፉ ቀን ገና እያገገመች ነበር። በዚያ ዕለት ሳልስበሪ በምትባል ትንሽ የኖርዝ ካሮላይና ከተማ፣ የባሮች ልጆች የሆኑ ወጣቶች ከአንድ ኮሌጅ ግቢ ሣር ላይ ቆመው በረዶው እስኪያባራ ሳይጠብቁ ጨዋታ ጀመሩ።

የሁለቱ ኮሌጆች ታሪክ ለየብቻው የሚጻፍ ነው። ያኔ ቢድል ይባል የነበረው የሻርሎቱ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1867፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ጆንሰን ሲ. ስሚዝ የተባለው በ1923 ነው። ሊቪንግስተን ኮሌጅ ግን ጥቁሮቹ ራሳቸው በሚመሯት ቤተ ክርስቲያን፣ በአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ጽዮን፣ በ1879 ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ተጀምሮ በ1882 ወደ ሳልስበሪ የዞረ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ቻርልስ ፕራይስ አንደበቱ የሚያስደንቅ ሰው ነበር። እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ከመድረክ መድረክ እየዞረ፣ 10,000 ዶላር ያህል ለምኖ ያመጣው እሱ ነው። ኮሌጁ የቆመው በዚህ ገንዘብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሙን ያገኘው ከአፍሪካ ተጓዡ ሚስዮናዊ ከዴቪድ ሊቪንግስተን ነው። እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ፈቀቅ ማለቴን አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የዚያ ሚስዮናዊ ልጅ ሮበርት አባቱን ሳያማክር አሜሪካ ገብቶ፣ ስሙን ለውጦ፣ ባርነትን ከሚዋጋው ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ ነበር። ቆስሎ ተማረከ። በ1864 መጨረሻ የሞተው የደቡቦቹ የጦር እስረኞች በታጎሩበት እስር ቤት ውስጥ ሲሆን፣ እስር ቤቱም የነበረው እዚችው ሳልስበሪ ነው። የአባቱ ስም ልጁ ወደ ሞተበት ከተማ በኮሌጅ መልክ መጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኳሱ እንመለስ። ለጋሼ ጥያቄም መልስ እዚሁ ይገኛል። የአሜሪካው እግር ኳስ በ1869 ሩትገርስና ፕሪንስተን የተባሉ ኮሌጆች ሲጋጠሙ በእርግጥም በእግር የሚገፋ ኳስ ነበር። ቀስ በቀስ ከእንግሊዞቹ ራግቢ ጋር ተዳቀለና ኳሱ እጅ ውስጥ ገባ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ከ1882 ጀምሮ ደግሞ አንድ ቡድን በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል የሚል ሕግ ወጣ። አምስት ያርድ መገፋቱን ለማወቅ ሜዳው መሰመር ነበረበት። ስለዚህ ይህ ጨዋታ ከሌላው ኳስ ሁሉ ይልቅ በመስመር የሚኖር ነው፤ መስመሩ ከጠፋ ጨዋታው ራሱ ጠፋ። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ያኔ ጨዋታው የሀብታም ኮሌጆች ነበር፤ የሐርቫርድ፣ የዬል፣ የፕሪንስተን። ጭካኔውም ለጉድ ነው። በዚያው በ1892 ኖቬምበር ሐርቫርድ ተጫዋቾቹን በሁለት ረድፍ አሰልፎ፣ ከሩቅ አንደርድሮ እንደ ሽብልቅ በዬል ላይ የሚወረውር ስልት አመጣ። በዚያው ወር ፒትስበርግ ውስጥ አንድ የታወቀ ተጫዋች ለአንድ ግጥሚያ ብቻ በምሥጢር 500 ዶላር ተከፈለው። በሐርቫርድ ቡድን መሀል ላይ የቆመው ዊልያም ሄንሪ ልዊስ ደግሞ ወላጆቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር ነበር፤ በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ምርጥ አሥራ አንድ ተጫዋቾች አንዱ ተብሎ ተመረጠ። እንግዲህ አንድ ጥቁር በነጮች ኮሌጅ ውስጥ ገብቶ እንደዚያ መሆን ከቻለ፣ ጥቁሮቹ በራሳቸው ግቢ ውስጥ የራሳቸው ቡድን ቢኖራቸው ምን ይከለክላል?

የሚከለክለውማ ብዙ ነበር። ቱስኪጊ ኢንስቲትዩት ባጠናቀረው መዝገብ መሠረት፣ በ1892 ብቻ በአሜሪካ 161 ጥቁሮች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በደቦ ተገድለዋል። ከዚህ የበለጠ ቁጥር የተመዘገበበት ዓመት የለም። ወጣት ጥቁሮች ተሰብስበው፣ ጉልበታቸውን አሳይተው፣ ከከተማ ወደ ከተማ መጓዛቸው በዚያ ዘመን እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ገንዘብ አልነበረም።

ቢድሎች ጨዋታውን ለሁለት ዓመት ያህል ሲያጠኑና ሲለማመዱ ቆይተው ነው ለሊቪንግስተን «እንጋጠም» የሚል ጥሪ የላኩት። ሊቪንግስተኖች ጥሪው ሲደርሳቸው ቡድን እንጂ ዕቃ አልነበራቸውም። ኳስ በመዋጮ ገዙ፤ ስፖልዲንግ ከተባለው ኩባንያ፣ በደንቡ የተሠራውን እውነተኛውን ኳስ። መለያ ለመግዛት ግን መዋጮው አልበቃም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ልቤን የነካው። የኮሌጁ የልብስ ስፌት ክፍል ሴት ተማሪዎች ጨርቁን ቆርጠው መለያውን ሰፉላቸው። ጫማም የለም፤ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያንም ክፍልም የሚሄዱበትን ያንኑ ጫማ ሶሉ ላይ ጥርስ እየገጠሙ ታኬታ አደረጉት። ጨዋታው ሲያልቅ ጥርሱ ይነቀላል፤ ጫማው በማግሥቱ ክፍል መግባት አለበትና።

እኛም በሰፈራችን ለመለያ ሳንቲም አዋጥተናል፤ ቁጥሩን በእጃችን በቀለም ጽፈናል። ስለዚህ እነዚያ ልጆች በዚያ ልብስ ሜዳ ሲወጡ ምን እንደተሰማቸው የማውቅ ይመስለኛል። የማላውቀው የልጃገረዶቹን ስም ነው። የተጫዋቾቹ ስም በየጽሑፉ ተመዝግቦ አለ፤ መርፌ የያዙትን ግን እኔ ባገላበጥኳቸው ጽሑፎች ሁሉ «የስፌት ክፍል ሴቶች» ከሚል በቀር በስም የጠራቸው የለም። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አንዲት ነጥብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ፣ ቡድኑን ያለበሱትን ሰዎች ስም አንድም ሰው ጠይቆ አለመጻፉ ይገርመኛል።

ቢድሎች ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ሳልስበሪ ገቡ። የእኛም ሰው በገና ሰሞን ዱላውን ይዞ ሜዳ የሚወጣ፣ አገር ከአገር ገጥሞ እግርና ቅልጥም የሚሰባበር ነውና ወሬው ለእኛ ባዕድ አይሆንም። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣ እንደሚባለው፣ በዚያ ዕለት የተጎዳም ቢኖር የተቆጣ አልተሰማም። ሁለት ግማሽ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ሆኖ ተጫወቱ። ዳኛው በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነበር። ይህ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱን በር ለጥቁር ተማሪ የከፈተው በ1951፣ ያውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገዶ ነው። ሜዳ ላይ ካሉት ልጆች አንዳቸውም ሊማሩበት ከማይችሉት ቤት የመጣ ሰው ይዳኛቸው ነበር ማለት ነው።

ቢድል በመጀመሪያው ላይ አስቆጠረ። በረዶው እየበዛ ሄደ፤ በሜዳው ላይ የተሰመረው ምልክት ሁሉ ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ ከቢድሎች እጅ ኳስ አመለጠች። የሊቪንግስተኑ ዊልያም ትሬንት አፈፍ አድርጎ ይዟት ሮጠና ከግቧ አደረሳት። የሳልስበሪ ልጆች ጮሁ። ቢድሎች ግን «ኳሷ የተያዘችው ከመስመር ውጪ ነው» ብለው ተቃወሙ። የትኛው መስመር? የሚታይ መስመር አልነበረም። ዳኛው ለቢድል ፈረደ። ጨዋታው በዚያው አለቀ፤ ሊቪንግስተን ባዶ ወጣ።

ውጤቱም ቢሆን የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ብዙዎቹ ጽሑፎች 5 ለ 0 ይላሉ፤ 4 ለ 0 የሚሉም አሉ። በ1892 ሕግ ኳስ ከግብ ማድረስ፣ ተችዳውን የሚሉት፣ የሚያስገኘው 4 ነጥብ ነበር፤ 5 የሆነው በ1898 ነው። በእግር ከምሰሶዎቹ መሀል ለሚመታ ግብ ግን በ1892ም 5 ነጥብ ይሰጥ ነበር። በእኔ ግምት ቢድሎች ያስቆጠሩት ተችዳውን ነው፤ አምስቱን የጻፈው ሰው የኋለኛውን ዘመን ሒሳብ ይዞ ወደ ኋላ የቆጠረ ይመስለኛል። ጋሼን ያጫወቷቸው ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ ደስ አይላቸውም ይሆናል፤ ቢሆንም ማሸነፋቸውን አልነካሁባቸውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዛመተ። ቱስኪጊም፣ አትላንታም፣ ሊንከንም፣ የእኛው መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀበት ሃዋርድም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡድን አቆሙ። ፕራይስ ግን ይህን አላየም፤ ከጨዋታው ዓመት ሳይሞላው፣ በ1893፣ በ39 ዓመቱ ሞተ። በ1898 ከጎልድ ኮስት፣ ከዛሬዋ ጋና፣ ጄምስ አግሬይ የተባለ ወጣት ሳልስበሪ ገብቶ ተማረ፤ ኋላ የአፍሪካ ታላቅ መምህር የተባለው እሱ ነው።

ትሬንትስ? በ1898 ከሊቪንግስተን ተመረቀ። ብዙ ዓመት በወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሠርቶ፣ በ1925 የዚያው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመለሰ፤ እስከ 1957 ድረስ ለ32 ዓመት መራው። በ1944 የጥቁሮቹ ኮሌጆች ተባብረው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድርጅት ሲያቆሙ፣ የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ የሆነው ስሙን የወረሰው ልጁ ነው። አባት ለኳስ ሳንቲም ባዋጣበት አገር ልጁ ለኮሌጆቹ ሁሉ አሰባሰበ።

ስለዚያ ጨዋታ ሰፋ አድርጎ የተጻፈው ወሬ የሚገኘው ደግሞ ሊቪንግስተን ኮሌጅ በ1930 ካሳተመው የተማሪዎች የዓመት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል። በረዶው ከወረደ 38 ዓመት አልፏል፤ የመጽሐፉ ባለቤት የተሸነፈው ኮሌጅ ነው፤ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ደግሞ ነጥቧ የተሰረዘችበት ሰውዬ ነው። ታሪክን ተሸናፊ ሲጽፈው እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኘው ስንቱ ነው? ትሬንት ትክክል ነበር ብዬ ለማመን ልቤ ቢፈልግም፣ ይህን ሳስብ እስክሪብቶዬ ትንሽ ይይዘኛል።

ለጋሼ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። የልጃገረዶቹ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ትሬንት ፕሬዚዳንት መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ።

«እና ነጥቧን መለሰለት?»

«ማን ጋሼ?»

«ያ ዳኛ ነዋ!»

«አልመለሰለትም» አልኳቸው።