ተሽከርካሪ በሻጭ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ሲጎዳ የመሥሪያ ቤቶች መብትና ግዴታ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአስመጪዎችና ከወኪል ሻጮች የገዟቸውን ተሽከርካሪዎች በዋስትናው ዘመን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በኋላ፣ ለወቅታዊ ጥገና የሚልኩት ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ነው። ዋስትናው እንዳይቋረጥ፣ ትክክለኛ መለዋወጫ እንዲገጠምና የጥገናው ታሪክ በአንድ ፋይል እንዲያዝ ሲባል የሚደረግ ነው። ይሁንና ተሽከርካሪው በጋራዡ ሠራተኞች እጅ ባለበት ጊዜ ጉዳት የሚደርስበት አጋጣሚ አለ። በግቢው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይጫራል፤ ለሙከራ ሲነዳ ይጋጫል፤ ያልጠበቀ ቡሎን ወይም የተሳሳተ ዘይት ሞተሩን ያበላሻል።

እንዲህ ዓይነት ጉዳት ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ የሚወሰደው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወጪው ከመሥሪያ ቤቱ የጥገና በጀት በዝምታ ይሸፈናል፤ ወይ ደግሞ ተሽከርካሪውን የተረከበው ሾፌር ተጠያቂ ይደረጋል። ሁለቱም ተገቢ አይደሉም። የመጀመሪያው የሕዝብን ገንዘብ ላጠፋው ድርጅት መካሻ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ባልሠራው ጥፋት አንድን ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛ ለዕዳ ይዳርጋል። ሾፌሩ ተሽከርካሪውን ለጋራዥ ሲያስረክብ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ የጠበበ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ በቂ መሠረት አለው። አንድ ጋራዥ ተሽከርካሪን ለመጠገን ሲቀበል፣ በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት አስገኝቶ ዋጋ ለመቀበል ይዋዋላል፤ ይህም በአንቀጽ 2610 እና ተከታዮቹ የሚገዛ ውል ነው። ተሽከርካሪው በጋራዡ ግቢ በሚቆይበት ጊዜ ደግሞ የመጠበቅ ግዴታ አብሮ ይመጣል። ንብረትን ተቀብሎ በደኅና ስለማቆየት የሚደነግጉት የአደራ ድንጋጌዎች ከአንቀጽ 2779 ይጀምራሉ።

ግንኙነቱ የውል በመሆኑ ተበዳዩ መሥሪያ ቤት የመካኒኩን ጥፋት በዝርዝር የማስረዳት ሸክም የለበትም። አንቀጽ 1791 እንደሚደነግገው ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኪሣራ ይከፍላል፤ ነፃ የሚሆነው ግዴታውን እንዳይፈጽም ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳገደው ሲያስረዳ ነው። የሠራተኛ ስሕተት፣ የመሣሪያ እጥረት ወይም የሥራ መደራረብ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊባሉ አይችሉም። “ጥፋቱ የአዲስ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ አሰናብተነዋል” የሚል መልስ በአንዳንድ ጋራዦች ይሰጣል። ስንብቱ ድርጅቱ ከሠራተኛው ጋር ያለው የራሱ ጉዳይ እንጂ ለደንበኛው የሚከፈል ካሣ አይደለም። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነትም ቢሆን አንቀጽ 2130 ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል።

በሁለቱ የኃላፊነት ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት በይርጋ ጊዜም ይታያል። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በአንቀጽ 1845 መሠረት በመርሕ ደረጃ አሥር ዓመት ሲኖረው፣ ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት የሚቀርብ የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 በሁለት ዓመት ይታገዳል። አንቀጽ 2037 የውል ግዴታን አለመፈጸም በውል ድንጋጌዎች እንዲታይ ስለሚያደርግ መሥሪያ ቤቶች ክሳቸውን በውሉ ላይ ቢመሠርቱ ይጠቀማሉ። ይህ ግን ለመዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ማስረጃው ከይርጋው በጣም ቀድሞ ይጠፋልና።

በጋራዥ የሚደርሱ ጉዳቶች

ጉዳቶቹን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ በዓይን የሚታዩና ተደብቀው የሚቆዩ። የፓራፋንጎ መጫር፣ የመስተዋት መሰንጠቅ፣ የመብራት መሰበር፣ በቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ያስከተለው መላጥ በዓይን ይታያሉ። የፍሬን ዘይት ቀለምን የሚበላ መሆኑንና ወዲያውኑ በውኃ ካልታጠበ ጠባሳ እንደሚተው ብዙ የንብረት ክፍል ሠራተኞች አያውቁም።

ከባዱ የተደበቀው ነው። በዘይት ቅየራ ጊዜ የማፍሰሻው ቡሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ከአሉሚኒየም የተሠራው የዘይት ማጠራቀሚያ ጥርስ ይበላል፤ ሳይጠብቅ ሲቀር ደግሞ ቡሎኑ በጉዞ ላይ ይወልቃል። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ በሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሳለ አዲሱ ፊልትሮ በላዩ ሲታሰር፣ ሁለቱ ጎማዎች ግፊቱን መቋቋም ተስኗቸው ዘይቱ በአጭር ጊዜ ይፈሳል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የተሳሳተ ዘይት መሙላት፣ ቺንጋውን ከምልክቱ ውጭ ማሰር፣ የራዲያተሩን ውኃ ከሞሉ በኋላ አየሩን አለማስወጣት፣ የናፍጣ ተሽከርካሪን ቤንዚን መሙላት፣ ሞተርን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ሲያጥቡ የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን ማራስ፣ ክሪክን በተሳሳተ ቦታ ደግፎ የሻንሲውን ወይም የበሩን ሥር ማጣመም ሁሉም የታወቁ ስሕተቶች ናቸው። የጎማ ዳዶ ጉዳይ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ የተለመደ የጥንቃቄ እርምጃ ሲሆን፣ ተሽከርካሪያቸውን ከጋራዥ አውጥተው በዚያው ቀን ወደ መስክ የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች ይህን ለሾፌሮቻቸው በጽሑፍ ቢያሳውቁ መልካም ነው።

ርክክብ

የመሥሪያ ቤቱ ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ተሽከርካሪው ወደ ጋራዡ በገባባት ዕለት ነው። ግዴታ አለ ብሎ የሚጠይቅ ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት እንዳለበት አንቀጽ 2001 ይደነግጋል። ተሽከርካሪው ደኅና ሆኖ መግባቱ ካልተረጋገጠ ስለ ኃላፊነት የሚደረገው ክርክር ሁሉ መነሻ ያጣል።

ስለዚህ ተሽከርካሪው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱ የትራንስፖርት ክፍል የኪሎ ሜትሩን ንባብ፣ የነዳጁን መጠን፣ የስኮርት ጎማውን፣ የክሪኩንና የመፍቻዎቹን መኖር፣ ቀድሞ የነበሩ ጭረቶችንና ጉድጓዶችን በቅጽ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ቅጹን ሾፌሩና የጋራዡ ተቀባይ ሊፈርሙበትና አንድ ቅጂ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊመለስ ይገባል። ዛሬ በሁሉም እጅ ባለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከዳሽቦርዱና ከሞተሩ ክፍል ፎቶግራፍ ማንሳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የጋራዡ የሥራ ትእዛዝ ካርድ የተጠየቀውን ሥራ በግልጽ መዘርዘር አለበት። “ሙሉ ሰርቪስ” የሚል አጠቃላይ ቃል ኋላ ላይ ማን ምን እንዲነካ እንደታዘዘ ለማወቅ አያስችልም። ተጨማሪ ሥራ ካስፈለገ በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲፈቀድ ማድረግና የተቀየሩ አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱ መጠየቅም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ተሽከርካሪው ሲወጣ ተመሳሳይ ምርመራ በተቃራኒው ይደረጋል። በምሽት፣ በዝናብ ወይም በጥድፊያ መረከብ ለጋራዡ እንጂ ለባለንብረቱ አይጠቅምም። ሞተሩ ተነሥቶ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ መጥፋታቸው፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩ፣ ፍሬኑና መሪው በአጭር ጉዞ መሞከራቸው መረጋገጥ አለበት። ጉድለት ከተገኘ “በደኅና ተረክቤአለሁ” በሚለው ቅጽ ላይ ሳይፈርሙ በፊት ጉድለቱን በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ሾፌሩ ይህን የማድረግ ሥልጣን እንዳለው አስቀድሞ ካልተነገረው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ፈርሞ ይወጣል፤ ተወቃሹ እርሱ ሳይሆን መመሪያ ያልሰጠው ኃላፊ ነው።

ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ

ጉዳቱ በመንገድ ላይ ከታወቀ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው። የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ “እስከሚቀጥለው ከተማ ያድርሰን” ተብሎ የተነዳች ጥቂት ኪሎ ሜትር የአንድ ቡሎንን ዋጋ ወደ ሙሉ ሞተር ዋጋ ትለውጣለች። የተሳሳተ ነዳጅ መሞላቱ ከታወቀ ቁልፉ ጨርሶ መዞር የለበትም። ይህ የቴክኒክ ምክር ብቻ አይደለም። አንቀጽ 1802 ጉዳት የደረሰበት ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውንና ከመጠን በላይ የማያስቸግረውን እርምጃ እንዲወስድ ስለሚጠይቅ፣ መብራቱ በርቶ መንዳት ካሣውን ሊያስቀንስ ይችላል።

ቀጥሎ ተሽከርካሪው ባለበት ሁኔታ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቦታው፣ ሰዓቱና የኪሎ ሜትሩ ንባብ ይመዘገባል፤ የመጎተቻ ደረሰኝ ይያዛል። በዚህ ደረጃ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት በአቅራቢያ ለተገኘ ሌላ ጋራዥ ሞተሩን አስከፍቶ ማሳየት ነው። ሞተሩ አንዴ በሌላ እጅ ከተከፈተ ሻጩ ድርጅት “ያበላሸው ሁለተኛው ነው” የሚል መከራከሪያ ያገኛል። ዋስትናውም በዚሁ ምክንያት አጠያያቂ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ፣ የጋራዡ ተወካይና ከተቻለ ከሁለቱም ወገን ነፃ የሆነ ባለሙያ በተገኙበት ምርመራ ተደርጎ በቃለ ጉባኤ እንዲፈረም ማድረግ ነው። የተበላሹት ዕቃዎች ታሽገው በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ቢቀመጡ የተሻለ ነው።

ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። አንቀጽ 1772 አንድ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ እንዲጠይቀው ያዛል። ደብዳቤው ለጋራዡ ፎርማን ሳይሆን ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ተጽፎ፣ የሥራ ትእዛዙን ቁጥር፣ የጉዳቱን ዝርዝር፣ የሚጠየቀውንና የጊዜ ገደቡን መያዝና የመቀበያ ማኅተም ሊደረግበት ይገባል። መጠየቅ የሚቻለው የመጠገኛውን ዋጋ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 1799 ከውሉ አለመፈጸም በተለምዶ የሚመጣውን ጉዳት ስለሚሸፍን የመጎተቻ ወጪ፣ ተሽከርካሪው በቆመበት ጊዜ ለኪራይ የወጣ ገንዘብና ከግጭት በኋላ የሚታይ የዋጋ መቀነስ በማስረጃ ተደግፈው ሊቀርቡ ይችላሉ። ጤና ጣቢያ አምቡላንሱ ቆሞበት ሌላ ተሽከርካሪ ተከራይቶ ከሆነ ደረሰኙ ከጥገናው ሰነድ ጋር መያያዝ አለበት።

መድንና ሦስተኛ ወገን

ተሽከርካሪው ሙሉ መድን ካለው ለመድን ድርጅቱ በፖሊሲው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፖሊሲው በጋራዥ ቆይታ ጊዜ ስለሚደርስ ጉዳት ምን እንደሚል ቀድሞ ማንበብ ተገቢ ነው። መድን ሰጪው ካሣውን ከከፈለ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንቀጽ 683 መሠረት በመድን ገባው እግር ተተክቶ በዳረጎት ጉዳት አድራሹን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ መድን ሰጪውን ሳያማክር “ከጋራዡ ጋር ተስማምተናል፣ ጥያቄ የለንም” የሚል ወረቀት ላይ መፈረም የለበትም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የመድንን ክፍል አልተካም።

የጋራዡ ሠራተኛ ተሽከርካሪውን ለሙከራ ሲነዳ ሰው ቢገጭ ጉዳዩ ይከብዳል። አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ስለሚደነግግ ተጎጂው መሥሪያ ቤቱን ሊከስ ይችላል። በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የተገባው መድን የተጎጂውን ካሣ እስከ ወሰኑ ይሸፍናል፤ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በላይ ከከፈለ ተሽከርካሪውን ይዞ የነበረውን ጋራዥ መልሶ ሊጠይቅ ይገባል። ሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑን ተሽከርካሪው ወደ ጋራዥ ከመላኩ በፊት ማረጋገጥ ግን ማንም ሊዘነጋው የማይገባ ነው።

የጥገና ውልና የግል ተሽከርካሪ

ብዙ ተሽከርካሪ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ከሻጩ ድርጅት ጋር ዓመታዊ የጥገና ውል ይገባሉ። ውሉ ሲዘጋጅ ድርጅቱ ያቀረበውን የታተመ ቅጽ እንዳለ መቀበል የተለመደ ቢሆንም፣ “በግቢያችን ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም” የሚል አንቀጽ እንዳይኖርበት የሕግ ክፍሉ ሊመረምረው ይገባል። በአንቀጽ 1889 መሠረት ለዘገየ ወይም ለተበላሸ ሥራ የሚከፈለውን ገንዘብ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ድርጅቱ ለተረከባቸው ተሽከርካሪዎች የኃላፊነት መድን እንዲኖረው መጠየቅም ይቻላል።

የመንግሥት ሠራተኛው በግል ተሽከርካሪው ላይ ተመሳሳይ ችግር ቢደርስበት አንድ ተጨማሪ በር አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃና አገልግሎት የሚሸምተውን የተፈጥሮ ሰው በመሆኑ፣ ግለሰቡ አቤቱታውን በሸማቾች ጥበቃ በኩል ማቅረብ ይችላል። ቀድሞ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይሠራው የነበረው ይህ ተግባር በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። መሥሪያ ቤት ግን የተፈጥሮ ሰው ስላልሆነ በዚህ በር አይገባም፤ መንገዱ ድርድር፣ ካልተሳካም የፍትሐ ብሔር ክስ ነው።

ክስ ሲታሰብ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ፋይላቸውን አሟልተው ለራሳቸው የሕግ ክፍል፣ እንደ ጉዳዩም ለፍትሕ ሚኒስቴር ያቀርባሉ። ፋይሉ የመግቢያውንና የመውጫውን ቅጽ፣ የሥራ ትእዛዙን፣ ፎቶግራፎቹን፣ የባለሙያውን ቃለ ጉባኤ፣ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ከነመቀበያው፣ ደረሰኞቹንና የጥገና ውሉን የያዘ ሊሆን ይገባል። እነዚህ ከተሟሉ አብዛኞቹ ድርጅቶች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ጥገናውን በነፃ ለመሥራት ይስማማሉ። ይህ ሲሆን የተስማሙበት ሥራ፣ የሚጠናቀቅበት ቀንና ለአዲሱ ሥራ የሚሰጠው ዋስትና በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል፤ ተሽከርካሪውም ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ እንደ መጀመሪያው ሁሉ በቅጽ ይረከባል።