የአንድ ቲኬት አራት በረራ፦ ሑጃጅ ከመርከብ ወደ አውሮፕላን የተሻገሩበት ታሪክ



ባለፈው የሐጅ ምዝገባ ሰሞን በመስጂዳችን ቢሮ ቁጭ ብዬ የሽማግሌዎችን ፎርም ስሞላ አንድ ወጣት አባቱን ደግፎ መጣ። ፎርሙን ጨርሰን ክፍያውን ስነግረው ልጁ ወረቀቱን ትንሽ አየና «ኡስታዝ፣ ጅዳ እኮ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በሌላው ወር ሰው በዚህ ዋጋ አይሄድም። የሐጅ ሰሞን ሲደርስ ሰማዩ ይረዝማል እንዴ?» አለኝ። አባትየው «ልጄ፣ የአላህን ቤት ለማየት ሒሳብ አይቆጠርም» ብለው ዝም አሰኙት። እኔም ነገሩን በዚያው አለፍኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ሐጅ ግዴታ የሆነው በቻለ ሰው ላይ ነው፤ መቻልን ደግሞ ዑለማዎቻችን በስንቅና በመጓጓዣ ነው የተነተኑት። መጓጓዣው ዛሬ አውሮፕላን ከሆነ፣ የአየር መንገድ ንግድ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከሐጅ ዕውቀት የራቀ ነገር አይደለም። ስለዚህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ታሪኩን ከባሕር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐምሌ ወር ላይ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሑጃጆችን የጫነች የእንፋሎት መርከብ ከሲንጋፖር ተነስታ በፔናንግ በኩል ወደ ሒጃዝ አቀናች። የመርከቧ ስም ራሱ «ጅዳ» ነበር። ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት የሞሉባት መርከብ በሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ተመታች፤ ማሞቂያዎቿ ከቦታቸው ተነቃነቁ፤ ውሃም መግባት ጀመረ። ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ከጓርዳፉይ ብዙም ሳትርቅ ካፒቴኑና የበታች መኮንኖቹ ነፍስ አድን ጀልባ አውርደው ሑጃጆቹን ጥለው ጠፉ። ሌላ መርከብ አንስቷቸው ዐደን ሲደርሱ «መርከቧ ከነተሳፋሪዎቿ ሰጠመች» ብለው ተናገሩ። በማግስቱ ምን ሆነ? «ጅዳ» በሌላ መርከብ እየተጎተተች ዐደን ወደብ ገባች። ሑጃጆቹ በሕይወት ነበሩ፤ ውሃውን እየቀዱ እየደፉ አቆይተዋታል። ሱብሓነላህ! ካፒቴኑ የተቀጣው ፈቃዱን ለሦስት ዓመት በመታገድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ካፒቴኑ እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ መርከቧ የሙስሊም ነጋዴዎች ንብረት ነበረች፤ ሲንጋፖር ውስጥ የከበሩት፣ ዘራቸው ከሐድረመውት የሚመዘዘው የአል-ሳጎፍ ቤተሰብ። ይኸው ቤት የመሳፈሪያ ገንዘብ ላጠረው ሐጃጅ ያበድርና ከሐጅ መልስ በእርሻው ላይ በጉልበቱ ዕዳውን ያስከፍለው ነበር። የሐጅ ጉዞ ንግድ ከሆነ ቆይቷል፤ በሐጃጅ ላይ የሚያተርፈው ሰው ሁልጊዜ ባዕድ ነው ብለን ራሳችንን አናታል።

የኛም አባቶች መንገድ ባሕር ነበር። ከሰሜኑ ክፍል በምጽዋ፣ ከሐረር በኩል ደግሞ በዘይላዕ ወርደው ይሻገሩ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጡት ሑጃጆች ግን መንገዳቸው የእግር ነበር። ከሐውሳ ምድር ተነስተው በቻድና በሱዳን አቋርጠው ቀይ ባሕር እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ስንቃቸው ሲያልቅ መንገድ ላይ እየሠሩ ይቆያሉ፤ ብዙዎቹም በዚያው ይቀራሉ። በድንበራችን ላይ የምትገኘውን መተማን የንግድ ከተማ ካደረጓት ሰዎች መካከል ተክሩሪ የሚባሉት ከምዕራብ የመጡ ሙስሊሞች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አውሮፕላን ይህን ሁሉ የቀየረው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በ1930ዎቹ የግብፅ አየር መንገድ ጥቂት ሑጃጆችን ማመላለስ ሞክሮ ነበር። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን ከጦርነቱ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በስዊዝ ካናል መስመር ላይ በቆመች «ኩዊንሲ» በተባለች የጦር መርከብ ላይ የአካባቢውን መሪዎች ተቀበለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 13 ቀን፣ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አል-ሱዑድ ደግሞ በማግስቱ ተራ በተራ ወደዚያችው መርከብ ወጡ። ሩዝቬልት ለሱዑዲው ንጉሥ አንድ ዲሲ-3 አውሮፕላን በስጦታ ሰጠ፤ የሱዑዲ አየር መንገድ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች አንዲት አውሮፕላን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመራለት ቲ ደብሊው ኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። የኛን አየር መንገድ ለማቋቋምና ለማስተዳደር በዚያው በ1945 የተዋዋለውስ ማን ነው? ይኸው ቲ ደብሊው ኤ። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት አየር መንገዶች በአንድ ሞግዚት እጅ ዳዴ አሉ ማለት ነው። የኛው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ካይሮ ደርሶ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ በሐጅ ወቅት ወደ ጅዳ በኪራይ መብረር ጀመረ። የሱዑዲው ደግሞ በ1946 ከፍልስጤሟ ሊዳ ሑጃጆችን ጭኖ ጅዳ አደረሰ። ዛሬ ያ ማረፊያ በማን እጅ እንዳለ ታውቃላችሁ።

የአየር መንገድ ንግድ ባሕርይ ግን ቶሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሱዑዲ ዐረቢያ በሐጃጅ ላይ ትጥለው የነበረውን ቀረጥ አነሳች። የሐጃጁ ቁጥር በአንዴ ጨመረ፤ ቤይሩት ላይ የነበሩ አየር መንገዶች ደግሞ ካላቸው ወንበር በላይ ቲኬት ሸጡ። ዐረፋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከቱርክና ከሌላም ሀገር የመጡ ጭምር፣ ቲኬታቸውን በእጃቸው ይዘው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቀሩ። ገንዘቡ ቢመለስላቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ዐረፋ ለማንም አትጠብቅም። በመጨረሻ የአሜሪካ አየር ኃይል የጦር ማጓጓዣ አውሮፕላኖችን ልኮ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ባሉት ቀናት ውስጥ ከ3,700 በላይ ሑጃጆችን ጅዳ አደረሰ። አሜሪካ ይህን ያደረገችው ለጽድቅ ብላ አይመስለኝም፤ ዘመኑ ከሶቭየት ጋር የምትፎካከርበት ነበር። ቢሆንም ሰዎቹ ዐረፋ ላይ ቆመዋል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። መደበኛ በረራ አውሮፕላኑ ሄዶም መጥቶም ሰው ይጭናል። የሐጅ በረራ ግን እንደዚያ አይደለም። ዙልሒጃ ሳይገባ ሁሉም ሰው ወደ ጅዳ ነው የሚሄደው፤ አውሮፕላኑ ሑጃጆቹን አውርዶ ባዶውን ይመለሳል። ከሐጅ በኋላ ደግሞ ባዶውን ሄዶ እነሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሐጃጅ የሚከፍለው ለሁለት በረራ ሳይሆን ለአራት ነው። ነዳጁ፣ የአብራሪው ደመወዝና የማረፊያ ክፍያው በባዶውም መንገድ አይቀሩም። በዚያ ላይ ሰማዩ እንደ ታክሲ ተራ ክፍት አይደለም። የተለመደው አሠራር የሑጃጁን ኮታ የሀገሬው አየር መንገድና የሱዑዲ አየር መንገዶች እንዲካፈሉት ነው። ለንግድ የሚሄድ ሰው ሦስት አራት ኩባንያ ያወዳድራል፤ ሐጃጅ ግን የተመደበለት ላይ ይሳፈራል። ውድድር በሌለበት ዋጋ ራሱን ዝቅ አያደርግም።

ሦስተኛው ነገር ጊዜው ነው። ሐጅ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ይመጣል። በ1970ዎቹ ሐጅ በፈረንጆቹ ክረምት ላይ ሲውል የአውሮፓ ቱሪስት የሚያመላልሱ አውሮፕላኖች ሥራ ፈትተው የሚቆሙበት ጊዜ ስለነበር ባለቤቶቻቸው ከነአብራሪያቸው ያከራዩ ነበር። የኢንዶኔዥያ ሑጃጆች በሆላንድና በአይስላንድ ኩባንያዎች አውሮፕላን ይጓዙ የነበረው ለዚህ ነው። በታኅሣሥ 1974 ወደ ጅዳ ሲሄድ የነበረ የሆላንዱ ማርቲንኤር ዲሲ-8 ስሪላንካ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 191 ሰው አለቀ። በኅዳር 1978 ደግሞ ከሐጅ መልስ የነበረ የአይስላንድ ዲሲ-8 እዚያው ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ሊያርፍ ሲል ወድቆ 183 ሰው ሞተ። ከነዚህ በፊት በጥር 1973 ከጅዳ የተመለሱ ናይጄሪያውያንን የያዘ ቦይንግ 707 ካኖ ላይ ሲያርፍ የማረፊያ እግሩ ተሰብሮ 176 ሰው አልፏል። እስከዚያ ቀን ድረስ በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ይህን ያህል ሰው የጨረሰ አደጋ አልነበረም። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የ1991ዱ ነው። ሐምሌ 11 ቀን 247 ናይጄሪያውያን ሑጃጆች ወደ ሶኮቶ ለመመለስ ጅዳ ላይ ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ የካናዳው ኔሽንኤር ዲሲ-8 ሲሆን 14 ሠራተኞችም ነበሩበት። የምርመራው ውጤት ያወጣው ታሪክ ይህ ነው፦ ከጎማዎቹ ሁለቱ አየራቸው ከሚፈቀደው በታች ጎድሎ ነበር። መካኒኮቹ ያውቁ ነበር። ጎማውን የሚሞሉበት ናይትሮጅን ግን በቅርብ አልተገኘም። የኩባንያው የሥራ ኃላፊ በረራው እንዲዘገይበት አልፈለገምና አውሮፕላኑ እንዲሁ ተለቀቀ።

ጎማ አየሩ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ሚኒባስ የሚነዳ ወንድማችን ሁሉ ያውቃል። ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ጎማ ይዞራል፤ ያኛው ይግላል፣ ይፈነዳል። በጅዳ ሐምሌ ሙቀት፣ በዚያ ክብደት፣ በሩጫው ላይ ጎማዎቹ ፈነዱ፤ ብረቱ አስፋልቱን እየፋቀ እሳት ተነሳ። አብራሪዎቹ ይህን አላወቁም። እንደተነሱ እግሩን ወደ ሆዱ አጠፉት፤ እሳቱም አብሮ ገባ። ለመመለስ ዞረው ነበር፤ ማኮብኮቢያው ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀራቸው ወደቁ። 261 ሰው፣ አንድም አልተረፈም። የአያቶቻቸው አያቶች በእግራቸው ዓመታት ይጓዙት የነበረውን መንገድ እነሱ በሰዓታት ሊጨርሱት ነበር። የጎደለው የጎማ አየር ነው። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

ቀደር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቀደር መሆኑንም እናምናለን። ነገር ግን ግመሉን አስሮ መመካት የታዘዘ ኡማ፣ ጎማውን ሳይሞላ የለቀቀውን ሰው በቀደር ስም ነፃ ሊያወጣው አይገባም።

መልካም ነገርም አለ፣ ሁሉ ሐዘን አይደለም። በ1981 የተከፈተውን የጅዳ የሐጅ ተርሚናል ያየ ሰው አይረሳውም። ከቴፍሎን በተቀባ የመስታወት ጭረት የተሠሩ 210 ድንኳን መሰል ጣሪያዎች ናቸው፤ ፀሐዩን ይመልሳሉ፣ ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ያወጣሉ። የምህንድስና ሥራውን የመራው ዳካ የተወለደው ፈዝሉር ረሕማን ኻን ነው፤ በቺካጎ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹ ስሙ የገነነ ሙስሊም መሐንዲስ። በመጋቢት 1982 እዚያው ጅዳ ሳለ በልብ ሕመም አረፈ፣ ረሒመሁላህ።

የዋጋውን ጉዳይ መንግሥታት በየመንገዳቸው ሊፈቱት ሞክረዋል። ሕንድ ለሐጃጅ ድጎማ ትሰጥ ነበር። ከሙምባይ ጅዳ የሚሄደው መርከብ በ1995 ሲቆም ድጎማው ወደ አውሮፕላን ቲኬት ዞረ። ድጎማው ግን ሐጃጁ እጅ አይገባም ነበር፤ በቀጥታ ለአየር መንገድ ነበር የሚከፈለው፣ በዋናነትም ያኔ የመንግሥት ለነበረው ለኤር ኢንዲያ። ብዙ የሕንድ ሙስሊሞች «ቲኬቱን አስወድዶ በኛ ስም አየር መንገዱን ነው የሚደጉመው» እያሉ ለዓመታት ተከራከሩ። በ2012 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድጎማው በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲቀር ወሰነ፤ ውሳኔውን ካሳለፉት ዳኞች አንዱ ሙስሊም ሲሆኑ በፍርዱ ላይ ያ መቻልን የሚደነግገው የአሊ ዒምራን አንቀጽ ተጠቅሷል። መንግሥት ቀነ ገደቡን ሳይጠብቅ በ2018 አቆመው።

ማሌዥያ በሌላ በር ገባች። ኡንግኩ ዐዚዝ የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር የገጠሩ ሰው ለሐጅ ብሎ መሬቱንና ከብቱን ሲሸጥ፣ ብሩንም ወለድ ሽሽት ከባንክ ርቆ ቤቱ ሲያስቀምጥ አየና በ1959 አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በ1963 ሥራ የጀመረው ተቋም ዛሬ ታቡንግ ሐጂ ይባላል። ገበሬው ጥቂት ጥቂት ያስቀምጣል፤ ተቋሙ ገንዘቡን በሐላል ንግድ ላይ ያውላል፤ ተራው ሲደርስ ቲኬቱንም ማረፊያውንም ተቋሙ ያሰናዳለታል። አውሮፕላኑ እዚያም ባዶውን ይመለሳል። ከአየር መንገዱ ጋር የሚደራደረው ግን አንድ ሽማግሌ ሳይሆን የሺዎችን ቁጠባ የያዘ ተቋም ነው።

ለዚያ ወጣት መልሱን ይዤ ስጠብቀው ሰነበትኩ። በጁሙዓ አገኘሁትና የአራቱን በረራ ነገር አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ኡስታዝ፣ በባዶው አውሮፕላን ሰው ለምን በርካሽ አይጫንም?» አለኝ። የኪራይ በረራ ፈቃዱ ለሑጃጅ ብቻ እንደሆነ፣ አየር መንገዱም በዚያው መስመር የመደበኛ ቲኬቱን ገበያ በርካሽ ወንበር ማበላሸት እንደማይፈልግ ነገርኩት። አባቱ ጫማቸውን እያጠለቁ ይሰሙን ነበር።