የኮንዶሚኒየም ባለቤትነት ሰነዶች
የኮንዶሚኒየም ባለቤትነት ሰነዶች የሚባሉት በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት የማን እንደሆነና ባለቤቱ ምን መብትና ግዴታ እንዳለበት የሚወስኑ ሕጎች፣ ውሎች፣ የተመዘገቡ መግለጫዎችና ደንቦች ናቸው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ መስመር በሚያበቃበት በአያት ሰፈር በዕጣ የተላለፉ የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞችና የግል አልሚዎች አፓርታማዎች ይገኛሉ፤ ለሁለቱም የጋራው መሠረት የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዋጁ አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ፣ ወደ ላይ ቢሠራም በረድፍ ቢሠራም፣ ከነመሬት ይዞታው እንደ ጋራ ሕንፃ ይቆጥራል። ከአዋጁ በፊት ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር።

ነዋሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ካርታውን ነው። ካርታው የባለቤትነት ማስረጃ ቢሆንም የጣሪያው ፍሳሽ በማን ወጪ እንደሚጠገን አይናገርም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ከፕላኑ ጋር የሚመዘገበው የሕንፃው መግለጫ ነው። እያንዳንዱ ቤት በጋራ ንብረቱ ላይ ያለው ድርሻና ከጋራ ወጪው የሚሸፍነው መጠን የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነው። ድርሻው ከቤቱ ተነጥሎ አይሸጥም። ስለዚህ በደረጃው የማይወጣው የምድር ቤት ሱቅ ባለቤትም፣ ከጣሪያው ሥር ያለው የአራተኛ ፎቅ ቤት ባለቤትም የሕንፃው የጋራ ባለቤቶች ናቸው። በየብሎኩ የሚነሣ ጭቅጭቅ መግለጫውን ካለማንበብ ሊመጣ ይችላል።

ሕንፃው ሲመዘገብ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሕግ ይቋቋማል። ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤና በቦርድ ይመራል፤ በሰፈር አነጋገር «ኮሚቴው» የሚባለው ይኸው አመራር ነው። መተዳደሪያ ደንቡ የስብሰባውን፣ የምርጫውንና የመዋጮውን ሥርዓት ይወስናል። የጥበቃና የጽዳት ክፍያ፣ የኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ሕንፃው) አጠቃቀም፣ የመኪና ማቆሚያው ድልድልም በማኅበሩ ውሳኔ ይመራሉ።

በዕጣ የደረሱ ቤቶች ሌላም ገደብ አለባቸው። በአዲስ አበባ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 19/1997 መሠረት ዕድለኛው ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። ገደቡን ለማለፍ ብዙዎች በውክልና ይገዛሉ። ይህ አደገኛ ነው፤ ውክልና የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለም በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ገደቡ ካለፈ በኋላም የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት፤ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በባንክ ብድር የተገዛ ቤት ላይ የብድርና የመያዣ ውሉም ይታያል።

ቤት ገዢ ከካርታው ጋር መግለጫውን፣ መተዳደሪያ ደንቡንና ያለፈው መዋጮ መከፈሉን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከማኅበሩ ጠይቆ፣ አንብቦ ይፈርም።