ቃልና ፍቺው፤ የእንግሊዝኛና የዐማርኛ መዝገበ ቃላት አጭር ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የማንኛውም ተማሪ ደብተር ቢገለጥ በመሥመር ለሁለት የተከፈለ ገጽ አይታጣበትም። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፥ በቀኝ በኩል የዐማርኛ ፍቺው ተጽፎ ይገኛል። ይህ ገጽ ለብዙዎቻችን የፈተና ስንቅ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ረጅም ታሪክ ያለው፥ ብዙ ሰዎች የደከሙበት፥ አንዳንድ ጊዜም ለመንግሥታት ጠብ ምክንያት የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ ይህን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። በአገራችን የተደረገውን ነገር በኢትዮጵያ፥ በውጭ አገር የተደረገውንና የታተመውን ግን በኤውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ቃልን ከነፍቺው ማጥናት ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አለመሆኑ ነው። በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ የግዕዙን ግስ ከዐማርኛ ትርጓሜው ጋር በቃሉ ያጠናል። ቀተለ፥ ገደለ፤ ቀደሰ፥ አመሰገነ፤ አእመረ፥ ዐወቀ እያለ ይሄዳል። ወረቀትና ቀለም እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን መዝገቡ የተማሪው ልብ ነበረ። ይህ ትምህርት በመጨረሻ በመጽሐፍ ሲጻፍ የሦስት ትውልድ ሥራ ሆነ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት፤ ከእርሳቸውም ዕረፍት በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ የራሳቸውን ትልቅ የዐማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለአገራቸው አበረከቱ።

የዐማርኛን ቃል በኤውሮጳ ቋንቋ የመፍታት ሥራ ደግሞ የተጀመረው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት በመቀመጣቸው ነው። በ1649 ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በሮም ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ሁለቱ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው መጀመሪያ በግዕዝ መነጋገር ግድ ሆነባቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ያወቀ እንጂ ከሰው አፍ የሰማ አልነበረምና ንግግሩ ቀላል አልሆነለትም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄዱ፤ በዚያም አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ ብዙ ተማማሩ። ከዚህም የተነሣ ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝን፥ በ1698 ደግሞ የዐማርኛን መዝገበ ቃላት በላቲን ፍቺ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ስለ ሞቱ አንዱንም መጽሐፍ ለማየት አልታደሉም።

የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ታሪክ ግን የእኛን የይፋትን ምድር ይነካል። በ1831 ዓ.ም. ኢሰንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን፥ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ልኳቸው ከተጁራ ወደብ ተነሡ፤ የአፋርን በረሓ አቋርጠውም በይፋት በኩል ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጡ። ኢሰንበርግ ከዚያ በፊት በትግራይ ተቀምጦ ዐማርኛ ያጠና ነበረ። ከሸዋ ከተመለሰ በኋላ በ1841 በሎንዶን ያሳተመው መዝገበ ቃላት ሁለት ክፍል አለው፤ የፊተኛው ከዐማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፥ የኋለኛው ከእንግሊዝኛ ወደ ዐማርኛ ነው። እንግዲህ ዛሬ በደብተራችን በመሥመር የምንከፍለው ገጽ አባቱ ይህ መጽሐፍ ነው ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ክራፕፍ ግን በሸዋ ቈይቶ፥ በ1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሐሪስ ጋር ሲዋዋሉ በአስተርጓሚነት አገለገለ። በዚያን ጊዜ ቃልን ከነፍቺው ማወቅ የንጉሥን ጉዳይ የሚያስፈጽም ዕውቀት ነበረ።

ይሁን እንጂ ፍቺ ሲሳሳት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያስረዳን ሌላ ታሪክ አለ። በአጣዬ ዐልፎ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ኮምቦልቻንና ደሴን ዐልፎ ከሐይቅ በኋላ ውጫሌ ይደርሳል። በዚያ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። የውሉ አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በዐማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል። የኢጣልያኑ ጽሑፍ ግን መቻልን ወደ ግዴታ ለወጠው። ኢጣልያም በዚህ ቃል ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለኤውሮጳ መንግሥታት ገለጹ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ቀረ፤ የኢትዮጵያም ነጻነት ታወቀ። የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ የተነሣው በአንድ ግስ ፍቺ ነበረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ በወረቀት የወጣ ቃልማ እንዴት አይብስ!

ከዚህ በኋላ የውጭ አገርን ቋንቋ በትምህርት ቤት ማስተማር ተጀመረ። በ1908 በኤውሮጳ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያን ዘመን ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይከበር ነበረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደና በሁለተኛ ደረጃ የትምህርት መስጫ ቋንቋ ሆነ። ዛሬም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት የሚሰጠው፥ የመልቀቂያውም ፈተና የሚወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ማወቅ ጌጥ አይደለም። የሒሳቡን ጥያቄ ሊሠራው የሚችል ተማሪ፥ ጥያቄው የተጻፈበትን ቃል ባለማወቁ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ዳሩ ግን የቋንቋው ጕድለት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን በክፍል የምንቀመጥ ሁሉ እናውቀዋለን።

እንግዲህ ቃልን እንዴት እናጥና? መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ሊቃውንት ራሳቸው መልሱን አሳይተውናል። አርምብረስተር የሚባለው እንግሊዛዊ በ1910 በኬምብሪጅ ያሳተመው የእንግሊዝኛና የዐማርኛ መዝገብ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የአነጋገሩንም ዘይቤ ጨምሮ ይሰጣል። በ1973 ደግሞ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ። አንዱ አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር አዘጋጅተው በአዲስ አበባ ያሳተሙት፥ በብዙ ተማሪ እጅ የገባው የእንግሊዝኛና የዐማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው በጀርመን አገር የታተመው የቮልፍ ሌስላው ሥራ ሲሆን፥ ሌስላው እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያገባ ፈታው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለመዝገበ ቃላትም ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት ያህል ከየዕለት ኑሯችን ጥቂት እንጥቀስ። እንግሊዞች «ዌር» በሚል አንድ ቃል ብዙ ነገር ይጠቀልላሉ። በእኛ ግን ሸሚዝ ይለበሳል፥ ጫማ ይደረጋል፥ መቀነት ይታጠቃል፥ ቆብ ይደፋል፥ ሰዓት ይታሰራል። ስለዚህ በደብተሩ «ዌር፥ ለበሰ» ብቻ ብሎ የጻፈ ተማሪ እንግሊዝኛውን ወደ ዐማርኛ ሲመልስ ሰዓት ለበሰ ሊል ነው። በአንጻሩ እኛ የእጁንም የእግሩንም ጣት እንላለን፤ እንግሊዞች ግን የእጁን «ፊንገር»፥ የእግሩን «ቶው» ብለው ይለያሉ። ዕድሜ ለመጠየቅ «ሃው ኦልድ አር ዩ» የሚለውን ቃል በቃል ብንፈታው፥ ምን ያህል አሮጌ ነህ ብለን የአምስት ዓመት ሕፃን እንጠይቅ ነበር! እኛን ጉንፋን ይይዘናል፤ በእንግሊዝኛ ግን ጉንፋኑን የሚይዘው ሰውዬው ነው። የይፋት ገበሬ ማሽላና ዘንጋዳ ብሎ የሚለየውን እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ሶርገም» ይለዋል። ለጤፍ ግን የራሱ ቃል ስላልነበረው ከእኛ ተበድሮ ጤፍ ብሎታል።

ቃል ከአገር ወደ አገር ሲሻገርም ፍቺው የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ጠረጴዛ ከግሪክ፥ መኪናና ጎማ ከኢጣልያ መጥተው ዛሬ እንግዳነታቸው ጠፍቷል። ላጲስ በኢጣልያኖች ዘንድ እርሳስ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን እርሳስ የጻፈውን የሚያጠፋ ሆኗል። እንግዲህ አንድ ቃል ከነተቃራኒ ሥራው ሊገለበጥ ከቻለ፥ ፍቺን ከመዝገብ ብቻ ሸምድዶ ዐወቅሁ ማለት እንዴት ይቻላል?

ከመዝገብ ሌላ መምህር ቢፈለግ በአቅራቢያችን አለ። በሰንበቴ ገበያ በየእሑዱ ዐማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። አንዱ ውሃ ሲል፥ ሌላው ቢሻን፥ ሌላው ሌ ይላል። ከገበያተኞቹ ብዙዎቹ መዝገበ ቃላት አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን ከሚሸጡትና ከሚገዙት ዕቃ ጋር እያያዙ የጎረቤታቸውን ቃል ለምደውታል። ዕቃው በዐይን ይታያል፥ ዋጋው ይጠየቃል፥ የተሳሳተ ቃል በዚያው በሳቅ ይታረማል። አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ በጎታ ያደረጉትም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. በከተማችን ላይ በደረሰው ቃጠሎ ብዙ ቤት ወደመ፤ ከቤቱም ጋር መጽሐፍና ደብተር ነደደ። ያን ጊዜ በወረቀት የነበረው ሁሉ ሲጠፋ ከተማሪው ጋር የቀረው በልቡ የያዘውና በአፉ የለመደው ብቻ ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፥ የቅኔ ቤት ተማሪ ልቡን መዝገብ ማድረጉ ጥበብ እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው፥ የሩቅ አገርን ቋንቋ ስናጠና የቅርብ ጎረቤታችንን ቃል መስማት መተው እንደማይገባን ነው። መግባባት ያጣ ጎረቤት ከሩቅ እንግዳ ይልቅ ይርቃልና።

ስለዚህ ከኋላችን ለሚመጡት ታናናሾቻችን ይህን ምክር ትተን መሄድ እንወዳለን። በደብተራችሁ ሁለት ዐምድ የነበረውን ሦስት አድርጉት፤ ቃሉን፥ ፍቺውን፥ ቀጥሎም ራሳችሁ የሠራችሁትን ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ዐረፍተ ነገሩም ከማታውቁት አገር ሳይሆን ከአጣዬ ገበያ፥ ከእናታችሁ ማጀት፥ ከማሾውና ከማሽላው እርሻ ይሁን። የጻፋችሁትን ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ሲያርማችሁም አትቈጡ። መምህራን ለዚህ ንባብ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡ፥ ወላጆችም ልጆቻቸው ዛሬ ምን ቃል እንደ ተማሩ ቢጠይቁ ሥራው የሁላችን ይሆናል። አባ ጎርጎርዮስ ያስተማሩትን መጽሐፍ ሆኖ ሳያዩት ዐለፉ፤ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን ጅምር ግን ደቀ መዛሙርት ተቀብለው ለፍጻሜ አበቁት። እኛም ከእነርሱ የተረከብነውን የቃል ሀብት ጨምረንበት እናስረክብ።