የግእዝ ፊደልና የቁልፍ ትእዛዝ

በጣና ሐይቅ ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት የተጻፉት ከመቃ በተቀረጸ ብርዕ ነው። ብርዕ ከጸሐፊው እጅ በቀር የሚያዝዘው የለም፤ ግእዙንም፥ ካዕቡንም፥ ሳብዑንም በአንድ ጫፍ ይጽፋል። ጸሐፊው ቢሳሳት በቢላዋ ፍቆ ያርማል፤ ቅዱስ ስም ሲደርስበት ቀዩን ቀለም ያነሣል። መጻፍና ማዘዝ በአንድ እጅ ስለ ነበሩ ፊደልና ትእዛዝ አልተጣሉም። የተጣሉት ብርዕ ቀርቶ ቁልፍ በመጣ ጊዜ ነው፤ የጠቡም ታሪክ እንደሚከተለው ነው።

አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ የደከመበት የጽሕፈት መኪና በ1874 በፈረንጆች አቆጣጠር ሬሚንግተን በተባለው ድርጅት ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ መኪና የተሰፋው በላቲን ፊደል ልክ ነው፤ ላቲን 26 ፊደል ስላለው ጥቂት ቁልፍ ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲበዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሃምሳ በማይሞላ ቁልፍ ላይ ማስፈር ጭንቅ ነበረ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በአማርኛው መኪና የፊደሉ አካል አንድ ጊዜ፥ ቅጥያው ደግሞ ሌላ ጊዜ እየተመታ ይጻፍ ነበር፤ መልኩ ከብራናው ባይደርስም ሥራው ተሠራ። በዚያን ዘመን ቁልፍ ፊደል ብቻ ነበረና፥ ፊደሉን ያስገባ ሰው ሁሉን አስገባ ማለት ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁልፍ ሁለተኛ ሥራ ተሰጠው። በ1963 አስኪ የተባለው የአሜሪካ የፊደላት ቍጥር ሥርዐት በወጣ ጊዜ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል ቍጥር ተመደበለት፤ ለመኪናው ትእዛዝ የሚሆኑ ቍጥሮችም ተለዩ። ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ከአንድ ፊደል ጋር የተጫነ ሰው ፊደሉን መጻፉ ቀርቶ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ትእዛዙም በፊደሉ ተራ ቍጥር ይታወቃል። ለምሳሌ ጂ ሰባተኛ ፊደል ስለ ሆነ ኮንትሮልና ጂ ሲጫኑ ሰባት ቍጥር ይላካል፤ ሰባት ቍጥርም ደወል የሚያስደውል ነበረ። እንግዲህ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ከኤ፥ ቢ፥ ሲ ጋር ተቈራኝቶ ተወለደ ማለት ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ላሪ ቴስለር ከባልንጀራው ከቲም ሞት ጋር በዜሮክስ የምርምር ቤት ጽሑፍን ቈርጦ፥ ቀድቶ መለጠፍን አቀና። አፕል የተባለው ድርጅትም በ1983 ሊዛ ለተባለው ኮምፒዩተሩ ዜድን ለመቀልበስ፥ ኤክስን ለመቍረጥ፥ ሲን ለመቅዳት፥ ቪን ለመለጠፍ መደበ። አራቱ የተመረጡት በእንግሊዝኛው ሰሌዳ በታችኛው ረድፍ ጐን ለጐን ስለሚገኙ ነው፤ ሲ ደግሞ መቅዳት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ነው። ዊንዶውስም በኋላ እነዚህኑ ከኮንትሮል ጋር አጋጥሞ ወሰዳቸው።

በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ሲያዝል ኅብር ይባላል። ቁልፍም እንደዚሁ ሆነ፤ ሰሙ ፊደል፥ ወርቁ ትእዛዝ። ነገር ግን ሰሙ በሌላ ቋንቋ ቢለወጥ ወርቁ የት ይደር? ጠቡ ይህ ነው።

በላቲን የሚጽፉት ሕዝቦች እንኳ ከዚህ አላመለጡም። በፈረንሳዮች ሰሌዳ ዜድና ደብልዩ ስፍራ ተለዋውጠዋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ፊደሉን ትቶ ስፍራውን ብቻ የሚያይ እንደ ሆነ፥ ሥራውን ሊቀለብስ ያሰበ ፈረንሳዊ መስኮቱን ይዘጋዋል። በጀርመኖች ሰሌዳ ዜድ ወደ ላይኛው ረድፍ ስለ ወጣ የአራቱ ጉርብትና ፈርሷል። በእስፓንያ ቋንቋ በተዘጋጀው ወርድ ግን ማስቀመጥ በጂ፥ ማድመቅ በኤን ሆኗል፤ በቋንቋቸው የሁለቱ ቃላት መነሻ እነዚህ ናቸውና። ይህ ትእዛዝን በአገር ቋንቋ መሰየም እንደሚቻል ያሳያል።

የራሳቸው ፊደል ላላቸው ነገሩ ይከብዳል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 ሲከፈት የረዳችው ሶቭየት ኅብረት ነበረች፤ ሩሲያውያንም በራሳቸው ፊደል የሚጽፉ ናቸው። ሩሲያዊው ቪ የተጻፈበትን ቁልፍ ቢጫን በእርሱ ፊደል «ም» ይወጣል፤ ፊደሉን ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ቪን ስላላገኘ አይታዘዝም። ስለዚህ የዊንዶውስ ሠሪዎች በላዩ ማናቸውም ፊደል ቢጻፍ ለቁልፉ የማይለወጥ ስውር የላቲን ስም ሰጡት። በዚህ ስም የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይታዘዛሉ፤ ስሙን የዘነጉት ግን ዛሬም እንቢ ይላሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በመጀመሪያ የግእዝ ፊደላት በኮምፒዩተር የገቡት የላቲንን ቍጥር ተከራይተው ነው። ያ ሥርዐት ከ256 በላይ ስፍራ ስላልነበረው ፊደላችን በአንድ ቤት አልበቃ ብሎ ተከፈለ፤ ልዩ ልዩ ሠሪዎችም በልዩ ልዩ አኳኋን ስለ ደለደሉት፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለፊደላችን 384 ስፍራ ለይቶ ሲሰጥ የኪራይ ዘመን አበቃ። ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ።

ቍጥሩ ቢገኝም ቁልፉ ቀረ። ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች መንገዳቸው በድምፅ ነው፤ ጸሐፊው ኤልን ሲጫን ል፥ ዩ ሲጨምርበት ሉ፥ ኦ ሲጨምርበት ሎ ይሆናል። የላቲኑ ሰሌዳ ከሥር ሳይነካ ስለ ቀረ፥ ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወትሮው ይቀዳል። ጠቡ ጨርሶ ግን አልጠፋም፤ በሥዕል ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞች ያለ ኮንትሮል በአንድ ፊደል ብቻ የሚሰጥ ትእዛዝ ስላለ፥ አማርኛው ተከፍቶ ሳለ ቢን የተጫነ ሰው በብሩሹ ፈንታ «ብ» ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ፥ ደግሞም ወደ አማርኛ ሲያገላብጥ ይውላል።

ለዚህ እርቅ የተከፈለው ዋጋ ሊዘነጋ አይገባም። ትእዛዙ የዳነው አማርኛው የላቲን ቁልፍ ጥገኛ ስለ ሆነ ነው። ከሐይቁ ዳር ባለ የንባብ ቤት ፊደሉን ለይቶ፥ ዳዊት ደግሞ የወጣ ልጅ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ወርቶ በኮምፒዩተር ፊት ቢቀመጥ፥ የሚያውቀውን ለ ለመጻፍ አስቀድሞ የማያውቀውን ኤል መማር አለበት። ማንበብ የሚችል ሰው መጻፍ እንደማይችል ሆኖ ይቀመጣል። ላቲንን መማር ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የገዛ ቤትን በር በባዕድ ቁልፍ ብቻ መክፈት ለባለቤቱ ጭንቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ብቻ እንዲኖር የተፈረደ አይደለም። በእጅ ስልክ ላይ ሰሌዳው በመስተዋቱ ላይ የተሣለ ሥዕል ነው፤ መቅዳትና መለጠፍም ጽሑፉን ተጭኖ በመቈየት እንጂ በኮንትሮል አይሆንም። ትእዛዝ ከፊደል ትከሻ ስለ ወረደ፥ ለ ራሱ በቁልፍ ላይ ተሥሎ ሰባቱን ቤቶች የሚዘረጋባቸው ሰሌዳዎች ተሠርተዋል። ያም ልጅ ስልክ ቢያገኝ ኤልን ሳይጠይቅ ይጽፋል። በስልክ የሆነው በጠረጴዛው ኮምፒዩተርም እንዲሆን፥ የፕሮግራም ሠሪዎች የትእዛዙን ስም ከአንድ ቋንቋ ፊደል ፈትተው ምርጫውን ለጸሐፊው ሊተዉለት ይገባል። ያን ጊዜ ቁልፍም እንደ ቀድሞው ብርዕ ለያዘው እጅ ይታዘዛል።