ባለ ማሞቂያ የኦክስጅን ዳሳሽ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጋራዦች «ኦክስጅን ሴንሰር» እየተባለ የሚጠራው፣ እንደ ካንዴላ በጥርሱ ተሽከርክሮ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ዕቃ፣ ለቋንቋችን የሚስማማ ስም ይገባዋል። «ሕዋስ» የሚለው ቃል በግእዝ ለስሜት መሣሪያ የቆየ መጠሪያ ቢሆንም፣ ዛሬ የአካልን ረቂቅ ክፍል ለማመልከት ስለ ዋለ አንባቢውን ያደናግራል። ስለዚህ «ዳሳሽ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሐዋርያው ቶማስ በወሬ ሳይሆን በእጁ ዳስሶ ለማመን እንደ ፈለገ፣ የሞተሩም ኮምፒውተር የቤንዚኑን አቃጣጠል የሚረዳው በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን በዚህ ዕቃ አስዳስሶ ነውና። ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ አየር ሲገባ ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ጎጃም ደጋ ለሚወጣ መኪና አየሩ በየዳገቱ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የዳሳሹ ምስክርነት እጅግ ያስፈልጋል።

«ባለ ማሞቂያ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። በውስጡ ያለው የዚርኮኒያ ሸክላ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልጋለ በቀር የታመነ ቃል አይሰጥም፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በቮልቮ መኪና ላይ የዋለው የቦሽ ኩባንያ ዳሳሽ ሙቀቱን ከጭሱ ብቻ ይጠብቅ ነበር፤ ማሞቂያው የተጨመረለት ኋላ ነው።

በቤቱ ሊመረምረው የሚወድ ሰው፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ ሶኬቱን ይንቀል፤ ከአራቱ ሽቦዎች ቀለማቸው አንድ የሆነው ሁለቱ በአብዛኛው የማሞቂያው ናቸውና፣ ዲጂታል ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጎ በዳሳሹ በኩል ይለካ። ቁጥሩ እንደ መኪናው ቢለያይም በብዙ ቶዮታዎች ከ11 እስከ 16 ኦም ይሆናል፤ ቴስተሩ ምንም መተላለፍ ካላሳየ ማሞቂያው ተበጥሷል። ቀጥሎ ሶኬቱን መልሶ፣ መኪናውን ከደጅ አቁሞ (በተዘጋ ቤት ጭሱ ይገድላል)፣ ሞተሩን በሚገባ አሙቆ፣ የምልክቱን ሽቦ ከሶኬቱ ጀርባ በቀጭን መርፌ ነክቶ ቮልቱን ይመልከት፤ ከካታሊስቱ በፊት ያለው ጤነኛ ዳሳሽ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሳያርፍ ይወጣል፣ ይወርዳል። የምልክቱን ሽቦ በኦም መለካት ግን ዳሳሹን ሊጎዳ ይችላል፤ የአየርና የነዳጅ ሬሾ ዳሳሽ የተባለው ሌላው ዓይነትም በዚህ ቮልት አይዳኝም።

አጥብቄ የምለምነው፣ ማሞቂያው ሠራ አልሠራ ሲባል ገንዘብ አውጥቶ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ አዲስ ዳሳሽ ከማስመጣት በፊት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ 12 ቮልቱ እስከ ሶኬቱ መድረሱ እንዲታይ ነው፤ የተቃጠለው አንድ ፊውዝ ብቻ ሊሆን ይችላልና።